ውሃ የማይጠጣው ገመድ

አንቺ የምታነቢው፣ አንተም አጠገቧ ተቀምጠህ የምትሰማው፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የኔታ ዘንድ የሄደው ወንድሜ ነበር፤ እሱም ገና "ሀ" እንዳለ ጥጃ ጠፋበት ተብሎ ተጠራና በዚያው ቀረ። ጥጃው ተገኘ፤ "ሁ" ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይኼን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ መሃል ላይ ስታለቅስ ወረቀቱን ታበላሽና እሰድባታለሁ።

እኔን አገር የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ሰው አስቄ ወጥቻለሁ። ቄሱ ሳይቀሩ "የሺ፣ አንቺ ካለሽበት ፍትሐት አልገባም" ይሉኝ ነበር። "ይቺ ሴትዮ ሐዘን አልጎበኛትም" የሚሉኝም አሉ። ይበሉ። የኔ ሳቅ ግን ሙሉው የኔ አይደለም፤ ግማሹ የሰው ነው። ከማን እንደወሰድኩትና በምን ቀን እንደወሰድኩት ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ የተወለድኩት በእስቴ በኩል ነው፣ ከወንዙ ማዶ። የተዳርኩት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ፣ ስማዳ። የወንዙን ስም አልጠራውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርቼው አላውቅም፤ ዛሬም ለእናንተ ብዬ አልጠራውም። በበጋ ፍየል ሳትረጥብ የምትሻገረው ወንዝ ነው። በክረምት ግን ለብቻው ያጓራል።

ባሌ ደምሴ ይባላል። ኧረ ሰውዬው! ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ዝምተኛ ነበርኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አዎ፣ እኔ! እሱ ያወራል፣ እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እንደ ሙሽራ እስቃለሁ። ሌላ ሞያውም ማሰር ነበር። አጋሰስ መጫን ይሁን፣ ቤት መማገር ይሁን፣ የቀንበር ምራን ይሁን፣ "ደምሴን ጥሩት" ነው። ደምሴ ያሰረውን የሚፈታ አልነበረም።

የማያውቅ ካለ ልንገረው። እኛ አገር የሚታሰረው በጠፍር ነበር፤ ያልለፋ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ማለት ነው። ጠፍር ደርቆ ከሆነ እንጨት ነው፣ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ ይታሰራል፤ አንድ ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥ፣ በቃ። ከዚያ ሲደርቅ እየተኮማተረ ቋጠሮውን ራሱ ይነክሰዋል። ደምሴ አስሮ ሲጨርስ በጣቱ ውሃ ጠቅሶ ቋጠሮው ላይ ጣል ያደርግና "ጠጣ፣ ከዚያ ንከስ" ይለዋል፤ እንደ ውሻ እያናገረ። እኛም እንስቃለን። አንድ ችግር ግን አለው። ጠፍር ወንዝ ውስጥ ከቆየ መልሶ ይልመሰመሳል፣ እንደ አንጀት ይለጠጣል። ለወንዝ አይሆንም።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ደምሴ ወደ ወገዳ የመስቀሉን ሙክት እየነዳ ሄደ። "ትንሽ ጨምሬበት በሰንጋ ለውጬ እመጣለሁ" ብሎኝ ነበር። ማታ ሲመጣ ሙክትም የለ ሰንጋም የለ። በትከሻው ነጭ የሚያብረቀርቅ ገመድ ጠምጥሟል።

"ሙክቱስ?" አልኩት።

"ይኸው" አለና ገመዱን አወረደው።

"ለመስቀል ገመድ ቀቅለን ልንበላ ነው?"

"ናይለን ነው፣ አንቺ! አይጥ አይበላውም፣ አይበሰብስም፣ ውሃ አይጠጣም። ነጋዴው እፊቴ ውሃ አፈሰሰበት። እዪ እንጂ፣ እዪ!"

ከቅሉ ውሃ ቀዳና አፈሰሰበት። እውነቱን ነው፤ ውሃው ገመዱ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ውሃና ገመዱ የተጣሉ ይመስል ነበር። ከዚያ ገመዱን ከነርጥበቱ ግንድ ላይ አሰረውና "ጎትቱ!" አለን። እኔ ጎተትኩ። እህቴም ጎተተች። ግንዱ ተነቃነቀ እንጂ ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። እህቴ እየሳቀች በቂጧ ቁጭ አለች።

አዎ፣ እህቴን አላስተዋወቅኋችሁም። ውዴ ትባላለች፣ ታናሼ ናት። እሷም እንደኔ ወንዙን ተሻግራ ነው የተዳረችው። ባሏ ወታደር ሆኖ ሐረርጌ ስለነበር የምትኖረው ከኛ ዘንድ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ውዴን እንዴት ልንገራችሁ? ጥርሷ ፊት ለፊት ፍንጭት ነው፤ ስትስቅ በዚያ በኩል ያፏጫል። ደምሴና እሷ ከተገናኙ ቤቱ ገበያ ነው። "አያ ደምሴ፣ እንዲህ አድርገህ ጅራትህን እሰረው፤ ሰው ሊያይብህ ነው" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "አንቺን ባስርሽ አገር ባረፈ" ይላታል።

በኛ ደንብ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ገንፎውን የምታገነፋላት እናት ናት። ሌላ ሰው ካገነፋው እናት እያለች እንደሌለች ይቆጠራል። ውዴ ወሩን ተሳስታ ነበር። "ለጥቅምት ነው፣ ወንዙ ይጎድላል" ትል ነበር። ጳጉሜን ላይ ግን ሆዷ ቁልቁል ወረደ። አየሁትና ደነገጥኩ፤ የወለደ ሰው ያውቀዋል።

"ውዴ፣ ይኼ ጥቅምትን አይጠብቅም" አልኳት።

"እንግዲያ እሻገራለሁ!"

"ወንዙ ሞልቷል እኮ!"

"እታለም፣ አፈር ስሆን፣ እዚህ አልወልድም። እማዬ ገንፎዋን ይዛ እየጠበቀችኝ፣ እኔ ያንቺን እርሚጦ ገንፎ ልብላ? ያንቺን ገንፎ ውሻም አይልሰው!"

ደምሴ በሳቅ ፈረሰ። ቀና አለና "እናሻግራታለን። ገመድ አለን" አለ።

አያ ታከለ የሚባሉ ዋናተኛ ነበሩ፤ ክረምት ክረምት ሰው ማሻገር ሥራቸው ነው። የተነፋ ስልቻ ደረታቸው ሥር አድርገው ይዋኛሉ። እሳቸው ገመዱን አይተው፣ በጥርሳቸው ነክሰው፣ "ይኼስ ዝሆን ይይዛል" አሉ። በዋዜማው ማዶ ተሻግረው ለእማዬ ነግረው ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ወረድን። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አዝያለሁ፤ ገና ጡት ይጠባል። ማዶ ሳይ እማዬ ቆማለች። ወንዙ ስለሚጮህ ድምጽ አይሰማም፤ እጇን ብቻ ታወዛውዛለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ነገር አለ። ውዴ አየችውና ጮኸች።

"ቅቤ! ቅቤውን ይዛ መጥታለች! አይ እማዬ፣ ቤት እስክደርስ እንኳ አላስቻላትም!"

አያ ታከለ የገመዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ ቋጥረው ተሻገሩና ማዶ ካለው ሾላ ጋር ደጋግመው ጠመጠሙት። ወዲህ ያለውን ጫፍ ደምሴ ዋርካው ላይ ጠመጠመ። ገመዱ ወንዙ ላይ ተዘረጋ፤ መሃሉ ውሃው ውስጥ እየገባ ይወጣል። አያ ታከለ ተመልሰው መጡና ውሃውን አዩ።

"ላይ አገር ዘንቧል። ደፍርሷል። እስኪጎድል እንቆይ" አሉ።

ተቀመጥን። ደምሴ ከገመዱ ትራፊ ቆርጦ የውዴን ማሰሪያ አዘጋጀ። እናም ምን አደረገ? አንድ ቋጥኝ ሥር፣ ረጋ ካለው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ እንዳይወስደውም ድንጋይ ጫነበት። ማንም ምንም አላለውም። ለምን ይበል? ሊታሰርበት የታሰበ ነገር ይዘፈዘፋል። አባቱም አያቱም እንዲያ ነው ያደረጉት። እኔም አይቼዋለሁ፤ እጁ ያለወትሮው አልሄደም።

ፀሐይ አናታችንን አልፋ ዘመም ስትል አያ ታከለ ተነሡ። "አሁን" አሉ።

ደምሴ ማሰሪያውን ከውሃው አወጣው። በውዴ ብብት ሥር ዙሪያውን አዞረው፣ ግራና ቀኝ ሁለት የተነፉ ስልቻዎች ከጎኗ አደረገ፣ ጀርባዋ ላይ አሰረና ትርፉን በተዘረጋው ገመድ ላይ አንጠለጠለው። አንድ ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥ። ከዚያ በጣቱ ውሃ ጠቅሶ ጣል አደረገበት።

"ጠጣ፣ ከዚያ ንከስ" አለው።

"እኔን ነው የምትለው?" አለች ውዴ።

"አንቺማ ሳትጠጪም ትናከሻለሽ።"

እስክትደክም ሳቀች። ወደኔ ዞረች፣ የልጄን ጉንጭ ሳመችና እግሯን ውሃው ውስጥ አስገባች። "ወይ ብርዱ!" እያለች፣ አያ ታከለ ከፊት፣ ደምሴ ከጎኗ ሆነው ገቡ። ጥቂት እንደሄደች አንገቷን አዙራ ጮኸችልኝ። ወንዙ ቢጮህም ይቺን ሰምቻታለሁ።

"እታለም! ቅቤውን አልተውልሽም! ብቻዬን ነው የምጨርሰው!"

"ብይው! ወፍረሽ በር አይበቃሽ!" አልኳት።

ይኼው ነው። ከእህቴ ጋር የመጨረሻ የተነጋገርነው ይኼው ነው።

መሃል ደረሱ። ስልቻዎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ የሷ ራስ በመሃላቸው። ማዶ እማዬ ወደ ውሃው ቀረበች፣ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። እጇን ዘርግታለች። ውዴም እጇን ዘረጋች፤ ገና ሩቅ ናት እኮ፣ ግን ዘረጋች።

ከዚያ አንዱ ስልቻ ብቻውን ሲሄድ አየሁ።

መጀመሪያ አልገባኝም። "ምነው ስልቻው ሄደ?" አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ሁለተኛው ሄደ። የውዴ ራስ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ። ደምሴ ዘሎ ሲይዛት አየሁት፤ ያዛት! እልልም ብያለሁ መሰለኝ። የያዘው ግን ማሰሪያውን ነው። ጎተተው። ባዶውን መጣ። ሻሿ ብቻ ውሃው ላይ ቀረች፤ እሷም ትንሽ ተንሳፍፋ ዞር አለችና ሄደች።

አያ ታከለ ጠልቀው ወጡ፣ ጠልቀው ወጡ። ደምሴ ቁልቁል ተወስዶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጋጨና ሰዎች ደርሰው ጎትተው አወጡት። ወዲህ እኔ፣ ማዶ እማዬ። መሃላችን ያ ወንዝ። እሷ ስትጮህ አፏን አያለሁ፣ ድምጿን አልሰማም። እኔ ስጮህም እንደዚያው። እናትና ልጅ ተቃቅፈን እንኳ ማልቀስ አልቻልንም። እሷም ወደኔ፣ እኔም ወደሷ እጃችንን እያነሣን ፀሐይ ገባች።

ቆይ እስቲ፣ ይቺ ልጅ ወረቀቱን አበላሸችው። አንቺ፣ ተነሽ! ንፍጥሽን ጥረጊ! እኔ ሳላለቅስ አንቺ ምን ሆንሽ? ጻፊ።

እህቴን ወንዙ በዚያው ሳምንት ታች ቆላ መለሳት። እዚያው ቅርብ በነበረች ቤተ ክርስቲያን ከነጽንሷ ተቀበረች። ባሏ መልእክት ተልኮለት ሰማ ይባላል፤ ተመልሶ ግን አልመጣም።

ሰው በደምሴ ላይ ምንም አላለም። ሰው የፈለገውን ቢል ይሻላል እኮ! "ምን ነካው፣ አንድ ሴት ማሰር አቃተው" ብሎ ፊት ለፊት ቢናገረው ይጣላው ነበር። እነሱ ግን ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ጭነት የሚያስር ሲፈልጉ ሌላ ሰው ይጠራሉ። እሱም ከሥራ ሲመለስ በረት አጠገብ ቁጭ ይልና ያንን ማሰሪያ ያገላብጠዋል። እህል አይቀምስም።

አንድ ቀን ጠዋት እንስራ አምጪ አለኝ። ውሃ ሞላሁለት። ገመዱን ሁለት ላይ ቆረጠው። አንዱን እንስራው ውስጥ ዘፈዘፈ፣ አንዱን ደረቅ አስቀመጠ። ሥራ አልሄደም። እስኪመሽ እንስራውን እያየ ዋለ። ወደ ማታ ጠራኝ።

"የሺ፣ ነይ ጎትቺ።"

ደረቁን ግንዱ ላይ አስሮ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው እንደ ዶቃ ወረደ። ጎተትኩ። ያዘ። ከዚያ ሲዘፈዘፍ የዋለውን አወጣው። ዶቃ የለም አሁን፤ ውሃው ላዩ ላይ ተለጥፎበት ያብለጨልጫል። ግንዱ ላይ ያንኑ ቋጠሮ አሰረ። "ጎትቺ" አለኝ። ያዝኩት፤ እጄ ውስጥ ተሙለጨለጨ። የተልባ ውሃ የነካሁ ነው የመሰለኝ። ጎተት ሳደርገው ቋጠሮው እንደ እባብ ተሳበና ተፈታ። ኃይልም አላወጣሁ።

ደምሴ ያንን ባዶ ግንድ አየ።

"መጀመሪያ ሲነካው ውሃውን ይሸሸዋል" አለኝ። "ያን ቀን እኔ ያየሁት መጀመሪያውን ነው። አብረው ሲውሉ ግን ይላመዳሉ። ላዩ ሌላ ይሆናል። እኔ ነኝ አብሬ ያዋልኳቸው፣ የሺ። ባልዘፈዝፈው…"

"እንደሱ መሆኑን በምን ታውቅ ነበር? ማን ነግሮህ ያውቃል?"

"ጠፍር መሰለኝ" አለ። "እንደ ጠፍር ይነክሳል ብዬ።"

ከዚያ ተነሣ። ገመዱን ቀበረው። ጠፍርም ቢሆን በእጁ አልነካም፤ የቀንበሩ ምራን ሲበጠስ ጎረቤት ነበር የሚያስርለት። ቀልዱም ያን ቀን አበቃ። እስኪሞት ድረስ ደግ ባል ነበር፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቀልድ ግን አልወጣውም።

ኅዳር ላይ ወንዙ ጎደለ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ "ቤቶች" የሚል ድምጽ ሰማሁ። እማዬ ናት። አህያ እየነዳች ብቻዋን መጥታለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ጠጉሯ ተላጭቷል። ደምሴ ሲያያት ወደ ጓዳ ሊገባ ፈለገ፤ መልሶ ግን ወደሷ ሄደ። ተንበረከከና ጉልበቷን ሊስም ሲል ያዘችው።

"የውዴን ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁ" አለች።

ምን ዕቃ አላት! አንድ አገልግል፣ ሁለት ቀሚስ፣ ለሚወለደው ብላ የፈተለችው ጥጥ። እኔ ሰበሰብኩት። እማዬ አህያዋን በር ላይ አቁማ ጠፍሯን ከትከሻዋ አወረደች፤ ቤቷ ዘፍዝፋ ነው ያመጣችው፣ ገና እርጥብ ነው።

"ደምሴ፣ ጫንልኝ" አለችው።

"እመይቴ… ሌላ ሰው ልጥራልዎ።"

"ሌላ ሰው አልፈልግም።"

"እጄ አይሆንም፣ እመይቴ። እጄን አይዩት።"

"እኔ እጅህን ለማየት አይደል እንዴ የመጣሁት?"

በሩ ላይ ቁጭ አለች። አልሄድም አለች። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠፍሩ እንዳይደርቅ አፈሰሰችበት እንጂ አልጠጣችም። አህያዋ ሣሩን ጨርሳ ሌላ ሣር ጀመረች። ፀሐይ እየጋለች ሄደች። በመጨረሻ ደምሴ ተነሣ። አገልግሉን አነሣና አህያዋ ላይ አስቀመጠ። ጠፍሩን አዞረ። አንድ ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥ። ከዚያ እጁ ያለሱ ፈቃድ፣ እንደለመደው፣ ወደ ቅሉ ሄደና ጣቱን ውሃ ነከረ። ቋጠሮው ላይ ሊጥል ሲል ቆመ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ውሃው ጠብ ይላል።

እማዬ ተነሥታ ሄደች። የሱን ጣት በሷ መዳፍ ይዛ ቋጠሮው ላይ አሳረፈችው።

"ይነክሳል፣ ልጄ" አለችው። "ይኼ ጠፍር ነው።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ያን ሁሉ ጊዜ አላለቀሰም ነበር። ልጇን ወንዝ የወሰደባት ሴት፣ ያሰረውን ሰው ራስ ደረቷ ላይ አድርጋ "በቃ፣ በቃ" ስትል እኔ በሩን ተደግፌ አየሁ።

አህያዋን እየነዳች ሄደች። ያን ማታ ቤታችን ዝም አለ። ልጄ አያለቅስ፣ ደምሴ አይናገር፣ እሳቱ እንኳ አይንጣጣ። እኔ ፈራሁ። "እንዲህ ሆኖ ልጅ አያድግበትም" አልኩ በልቤ። እናም፣ አፍሬ ላብ እያጠመቀኝ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ቀልድ ተናገርኩ። "ያቺ የእማዬ አህያ የኛን ሣር ስትጨርስ፣ ለመልስ ድግስ የተጠራች መስሎኝ ነበር" አልኩ። ቀልድ ነው ይኼ? አይደለም! ደምሴ ግን ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም። አየኝ። ለሱ ቀና ማለቱ ራሱ ሩቅ መንገድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አላቋረጥኩም። የሱን ድርሻና የኔን ድርሻ አንድ ላይ ይዤ እስከዛሬ አለሁ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ይኼን ስትሰሙ "ምነው እንደዚያ አሰረ፣ ናይለን እኮ ሲረጥብ ይንሸራተታል" ትላላችሁ። የልጅ ልጄም ብላኛለች። እውነትሽን ነው፤ አሁን ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን ግን ያወቀ አልነበረም። ሰውዬው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የሚያውቀውን ሁሉ፣ እጁ የሚችለውን ሁሉ፣ አሳምሮ አድርጎ ነው ያጣት። ይኼ ነው የሚከብደው። ሰው ባጠፋው ይቅር ይባላል፤ አሳምሮ ባደረገው ማን ይቅር ይበለው? እማዬ ግን መንገዱን አገኘችው። ቄስ አልጠራችም፣ ሽማግሌ አልሰበሰበችም። አህያ ጫንልኝ አለችው እንጂ። ከእናንተም መሃል እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ያለ ካለ፣ አትከራከሩት፣ አትምከሩት። የሚያስረው ነገር ስጡት።

እማዬ ያን ቋጠሮ አልፈታችውም። ቤቷ ደርሳ በሌላ በኩል ጠፍሩን ቆርጣ አገልግሉን አወረደች። ቋጠሮውን ከመኝታዋ በላይ ሰቀለችው። ስትሞት ወደኔ መጣ። ደርቆ አጥንት ሆኗል። ደምሴ አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም፣ አንድ ቀን ግድግዳውን ሲዳስስ እጁ ላዩ ላይ አረፈ። በአውራ ጣቱ ዙሪያውን አየው፤ ጫፉ የተሸጎጠበትን ፈለገና አገኘው።

"ይዟል" አለ።

"ይዟል" አልኩት።

አሁን ጣራችን ሲያፈስ እነዚህ ልጆች ይስቁብኛል። እነሱ ወደ ሬዲዮናቸውና ወደ ስልካቸው ሲሮጡ እኔ ወደ ግድግዳው እሮጣለሁ። "አያቴ፣ አንድ ቁራጭ ቆዳ ለማዳን አንገትሽን ልትሰብሪ ነው!" ይሉኛል። እኔም እስቅላቸዋለሁ። ቆዳ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ውሃ ካደረበት እንደሚለሰልስ፣ ጠዋት በጄ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ስለዚህ ከነጠላዬ ሥር፣ ደረቴ ላይ አደርገውና ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ እላለሁ።

ይኼኛውን ውሃ አያገኘውም።